ቴፕ አይዋሽም

ሚያዝያ 14 ቀን 2001፣ ረቡዕ

መብራት የለም። የዛሬው ፈረቃ የእኛ ሰፈር ነው። መብራት ባለ ቀን ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ፤ በሌለ ቀን ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ዝንብ እሽ እላለሁ። ባለቤቴ ሳሌሃ «ከምትሻግት አንድ ነገር ጻፍ እንጂ፣ ድሮ ግጥም ምናምን ትሞክር አልነበር?» ስላለችኝ ይሄን ደብተር ጀመርኩ። የሚስቴን ምክር መስማት የጀመርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ዱባለ መጣ። አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሦስት ሳምንት ከርሞ መመለሱ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ዱባለን የማያውቅ ካለ ትናንት የተወለደ ነው፤ በዚህ አገር ስንቱን ሙሽራ በዘፈኑ ያስገባ ሰው! ገና ከበሩ ሰላም ሲለኝ ግን ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ጠጋ ስል ነው ሹክሹክታውን የሰማሁት። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለው ነገር ክፉ ነው ብለዋል። የነገሩት ለእሱ ሳይሆን ለሚስቱ ለወይንሸት ነው። «እሷ ደግሞ ውሸት አይሆንላትም፤ ፊቷን አይቼ ጨረስኩት» አለኝና ሳቀ። ሳቁም ድምፅ የለውም።

ከዚያ እጄን ይዞ ስሜን ጠራኝ፤ «ከድሮ፣ የእንሴኖው ካሴት ይገኝ ይሆን?» አለ።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት እንሴኖ በአንድ ሰርግ ላይ እሱ ዘፍኖ እኔ በክራር አጅቤዋለሁ። ከሙሽራው ዘመዶች አንዱ፣ ናጃህ የሚባል፣ በቴፕ ቀዳው። ያለው ያ አንድ ካሴት ብቻ ነው። ያን ቀን ዱባለ ድምፁን ወደ ላይ ሲሰደው ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተዋል። በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ያሳተመው ከሌላ ባንድ ጋር ነው፣ ሌላ ነገር ነው። «የእንሴኖዋ» የሚለውን ዘፈን ዜማ ማን እንዳወጣው እኔና እሱ እናውቃለን። በታተመው ካሴት ላይ የማን ስም እንደተጻፈም እናውቃለን። ይሁን፣ የሃያ ዓመት ነገር ነው። እኔ ስለሱ አይደለም የምጽፈው።

«ድምፄ ምን እንደነበረ አንዴ ልስማና ልሂድ» አለኝ። አገኝልሃለሁ አልኩት። ወላሂ አገኝልሃለሁ አልኩት።

ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

መብራት አለ። ሥራ ተቆልሏል። ናጃህ ወልቂጤ ሙዚቃ ቤት ከፍቷል አሉኝ። ስልኩ አይሠራም። ራሴ እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ

ከወልቂጤ ተመለስኩ። ጀርባዬ ተቆርጧል። ካሴቱ ግን በእጄ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ናጃህ ሸምግሏል። ካሴቱን ከቁም ሳጥን ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ አወጣው። ሲከፍተው ቡናማ ብናኝ እጁ ላይ ቀረ። «አንዴ ብትጫወት ነው፤ ሁለተኛ አትደግምም። ስታጫውታት ወዲያው ቅዳት» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ትክ ብሎ አየኝና፣ «አንተ ማን ነበርክ? ዱባለን ነው የማስታውሰው» አለ። ክራር መቺው ነኝ አልኩት። «እንዴ! ክራርም ነበረ?» አለ።

አልከፋኝም። ሽማግሌ ነው፣ ይረሳል።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

የምቀዳው በሰርቨሩ ነው። ሰርቨር ማለት የአገራችንን ዘፈን ሁሉ እንዲይዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ እየለቃቀምኩ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ነው። ድምፁን ከቴፕ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብል አንድ ብረት ሳጥን ደግሞ አለው፤ አዲስ አበባ ከተዘጋ ስቱዲዮ ነው ያገኘሁት። ሳሌሃ ሰርቨሩን «ሁለተኛዋ» ትለዋለች። «ሁለተኛዋ ዛሬ ምን በላች?» ትላለች ቤት ስገባ።

የዱባለ የእህት ልጅ ዮሲ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ይሠራል። በስልክ አማከርኩት። «ጋሽ ከድሮ፣ ነገሩ ሁለት ነው» አለኝ። «አንደኛ ኃይሉ። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይዘላል፤ ጄኔሬተርም እንደዚያው፣ ድምፁ ውስጥ እምም የሚል ነገር ይገባል። ከመኪና ባትሪ ስጡት። ስፒከሩን ንቀሉት፣ ባትሪውን እንዳይጨርስ። ሁለተኛ ክሎኩ። ክሎኩ ትክክል ካልሆነ ሁሉም ገደል ገባ በሉት።» ሌላም ሊል ነበር፣ ኔትወርኩ በላው።

ክሎክማ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ባየው እውነትም ተሳስቷል! ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እኔ ጋ ቁጭ ብሎ አሥር ሰዓት ይላል፤ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደ ሐበሻ አስተካከልኩት። በእጄ ሰዓት እያየሁ፣ ደቂቃዋ ሳትቀር። ይሄን ሳያስተካክል የሚቀዳ ስንት ሰው ይኖራል ብዬ ሳቅሁ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ቀዳሁት! መብራት በጠፋበት ቀን፣ ሱቁን ዘግቼ፣ ከመኪና ባትሪ። ስፒከሩን ነቅዬ የድምፁን ከፍታ የምታሳየውን የቴፑን መርፌ ብቻ እያየሁ። መርፌዋ ከፍ ስትል «አሁን ዱባለ ነው»፣ ዝቅ ስትል «አሁን እኔ ነኝ» እያልኩ። ግማሽ ሰዓት አልተነፈስኩም። ዘፈኑን አልሰማሁትም፤ ተቀድቷል ግን።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

እጄን በቆረጠው። መብራት መጣ ሲሉ ካሴቱን ወደ ኋላ ላጠነጥን ቴፑን ግድግዳው ላይ ሰካሁት። መብራቱ ዘለለ፣ ቴፑ ጭስ አለ፣ ክሩን በላው። በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት። ከእንግዲህ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ነው። ለናጃህ ምን እላለሁ?

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

መብራት ጠፍቷል። ቀኑን ሙሉ ከባትሪው ላይ ሳዳምጥ ዋልኩ፤ ስለዚህ ረጅም እጽፋለሁ።

ክራሬ! ያ አላህ፣ ያ የኔ ክራር ነው? ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ እያንዳንዷ ድምፅ ጊዜዋን ወስዳ የምትወድቅ። እንዲህ እንደምመታ አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። ሦስት ጊዜ ሰማሁት፤ አራተኛ ደገምኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ዱባለ ግን… እንዴት እንደምለው እንጃ። ከብዷል። ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የሚያቃጥለው ያ ነገር የለም፤ ይወጣል፣ ግን ይጎተታል። ሰው ያን ቀን ለምን ተነሣ? ምናልባት ሰርግ ስለሆነ ነው። ምናልባት ጠጅም ነበረ።

አሮጌ ክራሬን አውርጄ አብሬው ልመታ ሞከርኩ። አልገጠመም። ክሮቹን ሁሉ ማላላት ነበረብኝ፣ ደህና አድርጌ። ካሴት ሲያረጅ ይለጠጣል ይባላል። ለዮሲ ደወልኩለት፣ ዘፈኑ ትንሽ ወፈረብኝ አልኩት። «ክሎኩን አስተካክለዋል?» አለኝ። «ከደቂቃው ጋር አስተካክያለሁ» አልኩት። «በቃ እንግዲህ ካሴቱ ነዋ» አለ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው እየጠበቀው ነበር።

በቃ። እንዲህ ነበርን ማለት ነው። እሱም እንዲህ፣ እኔም እንዲህ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ዱባለ መጥቶ ሰማ።

ወይንሸት በባጃጅ አድርሳው ወደ ገበያ አለፈች። ሱፍ ኮቱን ለብሷል፣ ሰርግ የሚሄድበትን። ወንበር ሰጠሁት። ሲጀምር ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ ገለጠው። ስፒከሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ከድሮ። ከፍ ይል ነበር። በታተመው ካሴት ላይ እንኳ…»

እኔም አልኩት፤ ያልኩትን እንዳልኩት ልጻፈው። «አዲስ አበባ በማሽን አቅጥነውት ነው። ሰው የራሱን ድምፅ የሚሰማው ከውስጥ ነው፣ ያታልለዋል። ቴፕ ግን አይዋሽም። እንዲህ ነበርክ» አልኩት። በደህና አነጋገር ነው ያልኩት፤ አልጮህኩም። ሕመምተኛን ማባበል ጥሩ አይደለም፣ እውነቱን መስማት ነበር የፈለገው።

እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ። «ክራርህ ግን» አለ፣ «ክራርህ ግን ለካ… አላወቅኩልህም። ያንተ ቀን ነበር ያ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም።

ግንቦት 9፣ እሑድ

ደህና አድሬያለሁ። እንደዚህ ተኝቼ አላውቅም።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

የድል በዓል ስለሆነ ዛሬ መብራት አይጠፋም። አደባባዩ ላይ ትልልቅ ስፒከር ተሰቅሎ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። ዱባለ ሱቄ ደጃፍ ፀሐይ ሊሞቅ መጥቶ ነበር። በሰልፉ መሃል የእሱን ዘፈን ለቀቁት፤ የታተመውን። ሰው እያጨበጨበ ወደ እኛ ዞረ። አንድ ጎረምሳ «ጋሽ ዱባለ ንጉሥ!» አለው።

ዱባለ ተነሣ። «በማሽን የተቀጠነ ነው» አለ በሹክሹክታ፣ ለጎረምሳው። ልጁ አልሰማውም። ከዘራውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ስፒከሩ ከኋላው ይዘፍናል።

ልጠራው ነበር። ደንበኛ መጣብኝ።

ግንቦት 27፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ከሳሌሃ ጋር ተጣላን። ምሳ ይዛልኝ መጥታ ስታየኝ ያንኑ ዘፈን ከባትሪው ላይ እየሰማሁ ነበር። ቆመች።

«ይሄ ማነው?»

«ዱባለ ነዋ።»

«ሂድ! ዱባለ በእኔ ሰርግ የዘፈነ ሰው ነው፣ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ?»

ስለ ድምፅ የምታውቂው ነገር የለም አልኳት። ቴፕ አይዋሽም አልኳት። ቆጮውን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ጋ ስትደርስ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች።

የምን ቂም? እኔ ከዱባለ ጋር ቂም አለኝ? ለእሱ ብዬ ወልቂጤ ድረስ ሄጄ የለ? ጀርባዬ የተቆረጠው ለማን ነው? ሴት ልጅ ሲሰለቻት ተረት ትተርታለች።

ቆጮውን አልበላሁትም።

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

ዱባለን ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋ ላይ ነው። ክንዱ የልጅ ክንድ አክሏል። ወይንሸት በር ላይ ይዛኝ፣ «ሬዲዮ አትክፈቱብኝ ይላል። ዘፈን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዘፈን ሳይሰማ ውሎ የማያውቅ ያ ሰው፣ ምን አገኘው?» አለችኝ። ሕመሙ ነው አልኳት።

ገብቼ እጁን ያዝኩት። ዓይኑን አልከፈተም፤ እጄን ግን ጨበጥ አደረጋት። ሳጥኑን፣ ሽቦውን፣ ሁሉን ነገር እንደገና ላየው ይገባል ብዬ እያሰብኩ ወጣሁ። ዮሲን አንድ ቀን መጥተህ እይልኝ ልበለው?

ሰኔ 10፣ ረቡዕ

መብራት አለ። የሰው ቴፕ በዝቶብኛል። ለዮሲ አልደወልኩም። ነገ።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ዱባለ ሞተ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ነኝ። ሱቅ ዝግ ነው። እስላም ክርስቲያን ሳይል አገሩ በሙሉ ወጥቶ ቀበረው። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም እንዲሉ፣ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ሁሉ የእሱ ድምፅ ነው። «እንሴኖ ላይ የዘፈነ ቀን…» ይላል አንዱ። «ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል» ይላል ሌላው። ሁሉም ስለዚያ ቀን ነው የሚያወራው። እኔን አንድ ሰው፣ «አንተ እዚያ ነበርክ አይደል? ይህን ያህል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነበር» አልኩ። ለምን «ነበር» አልኩ? ለእሱ ሌላ ነገር ብዬው አልነበር?

ወንድሜን ነው ያጣሁት። ከእናቴ ልጆች እንኳ የእሱን ያህል አብሮኝ የበላ የለም። ሰርግ ውለን ስንመለስ ክራሬን የሚሸከምልኝ እሱ ነበር፤ «አንተ ጣትህን አሳርፍ» እያለ። ይሄን ለምን እስካሁን እዚህ ደብተር ላይ እንዳልጻፍኩት አላውቅም።

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ነገ የዱባለ አርባ ነው። ዮሲ ከአዲስ አበባ መጣ። ዝናቡ አላፈናፍን ሲል ሱቄ ገብቶ ተጠለለ። ስለ አጎቱ ስናወራ ቆየንና ኮምፒውተሩን ሲያይ ሳቀ። «ጋሽ ከድሮ፣ ይሄ ሰዓት ምን ሆኖ ነው? ወደ ኋላ ስድስት ሰዓት ይሄዳል።»

«አንተ አይደለህ አስተካክሉት ያልከኝ?» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። «ክሎክ ያልኩት ይሄን ነው እንዴ?» አለና ምንም ሳይናገር ብረት ሳጥኑን አዞረው። ከኋላው ትንሽ ማብሪያ የምትመስል ነገር አለች፤ በአንዱ በኩል አርባ አራት፣ በሌላው አርባ ስምንት ይላል። የፋብሪካ ቁጥር መስሎኝ ነበር። «አርባ ስምንት ላይ ነው ያለው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሳጥኑ በውስጡ የራሱ ሰዓት አለው። በዚያ እየለካ ድምፁን በአንድ ሴኮንድ አርባ ስምንት ሺህ ቦታ ቆራርጦ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ደግሞ አርባ አራት ሺህ ምናምን ነው ብሎ ተቀብሏል። ስለዚህ የአንድ ሴኮንዱን ዘፈን ከሴኮንድ በላይ ጎትቶ ያጫውተዋል። ዘፈኑ ይንቀራፈፋል፣ ድምፁም ይወፍራል።

«ጠፋ በለኛ» አልኩ።

«ኧረ ምንም አልጠፋም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን ቁጥር ብቻ መለወጥ ነው።»

አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ለቀቀው።

ዱባለ ወጣ። ዱባለ! ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ወደ ላይ ሲሄድ የት ሊቆም ነው የሚያሰኝ። ዮሲ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዝናቡ የተጠለሉ ሁለት ሰዎች በር ላይ ነበሩ፤ ወሬያቸውን አቆሙ። እኔ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ሚያዝያ ላይ «ድምፄ ምን እንደነበረ ልስማ» ብሎ የለመነኝ ድምፅ ይሄ ነው። ግንቦት ሙሉ፣ ሰኔ ሙሉ እዚህ ሰርቨር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ክራሬ? ክራሬ ተራ ክራር ነው። እቸኩላለሁ። ሁለት ቦታ ስቻለሁ።

«አጎቴ ይሄን ሰምቷል?» አለኝ ዮሲ። ያን ቀን ደውዬ ዘፈኑ ወፈረብኝ ማለቴን አስታወሰ መሰለኝ፤ መሬት መሬት አየ። «ጥፋቱ የኔም ነው ጋሼ፣ በደንብ መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው። ለማንም አትንገር አልኩት፤ እሺ አለኝ።

አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። የሳጥኑን ነገር በእርግጥ አላውቅም። ግን ሠላሳ ዓመት ክራር ቃኝቻለሁ። ያን ቀን ክሮቹን ሁሉ ሳላላ ጣቴ አውቋል። ሳሌሃ ስትነግረኝ ጆሮዬ አውቋል። ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት። ክራሬ ስላማረብኝ ነው። እሱ አንድ ጊዜ እንኳ ከእኔ በታች ስለሆነ ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ አላህ ይማረኝ።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ

አርባው ወጣ። ሄጄ በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ።

ሐምሌ 26፣ እሑድ

ወይንሸት ሱቅ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች። «ዮሲ ካንተ ዘንድ ድምፁ አለ አለኝ፤ አሰማኝ» አለች። ይሄን ብቻ ነው የነገራት።

ለቀቅኩላት።

መጀመሪያ ላይ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ሰማች። እሱ ወደ ላይ ሲወጣ ግን «ወይኔ ዱብዬ! ወይኔ የኔ ጌታ!» አለች፤ ደረቷን መታች፣ አለቀሰች። ሲያልቅ ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «ይሄ ነው። ይኸው ይሄ ነው እሱ ማለት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን እዚህ ያደረስኩት ጊዜ ይሄን ነው አይደል የሰማው?»

«አዎ» አልኳት።

«ተመስገን። ይሄን ሰምቶ ነዋ የሄደው።» ዓይኗን ጠረገች። «እኔን የገረመኝ» አለች፣ «ያን ዕለት ቤት ገብቶ ኮቱን እያወለቀ፣ ‘ወይንዬ፣ ለካ ድምፅ አልነበረኝም’ አለኝ። ‘ዕድሜ ልኬን ሰው ሲያሞኘኝ ኖሮ እውነቱን የነገረኝ ከድሮ ብቻ ነው፤ ከልቡ ባይወደኝ አይነግረኝም ነበር’ አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዘፈን አንሥቶ አያውቅም። ይሄን የመሰለ ድምፅ ሰምቶ እንዴት እንዲህ ይላል? ምን ማለቱ ነበር፣ ከድሮ?»

ስፒከሩን አጠፋሁ። ውጭ ባጃጅ እየጠበቃት ነበር። እጄን ያዘችኝ፣ መልስ ትጠብቃለች።

«እንጃ» አልኳት።